በእጅ የተጻፈን የማጣቀሻ ዝርዝር ሶፍትዌር ያዞረዋል?

ጥያቄ፦ «የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን በዎርድ ጽፌ ጨርሻለሁ። ወደ 140 የሚጠጉ ማጣቀሻዎች አሉኝ፤ ሁሉንም በእጄ እየጻፍኩ በቫንኩቨር ስታይል፣ በጽሑፉ ውስጥ በቅንፍ ቁጥር እየሰጠሁ ነው የሠራሁት። አሁን አማካሪዬ በኤ.ፒ.ኤ. ስታይል ሰባተኛ እትም ቀይሪው አሉኝ። ዝርዝሩን ገልብጬ ብሰጠው ራሱ አስተካክሎ የሚመልስልኝ ሶፍትዌር የትኛው ነው? አንዷ ጓደኛዬ ዎርድ ራሱ ይሠራዋል ትላለች፤ ሌላዋ ቻትጂፒቲ ይበቃል ትላለች። ማስረከቢያዬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።»

ምላሽ፦ እንዲህ ያለ ሶፍትዌር የለም። ያለቀለት ዝርዝር ተቀብሎ፣ ከአንዱ ስታይል ወደ ሌላው አዙሮ፣ በጽሑፉ ውስጥ ያሉትንም ቁጥሮች በደራሲ ስምና በዓመት ተክቶ የሚመልስ ፕሮግራም ቢፈልጉ አያገኙም፤ እሠራዋለሁ የሚል ቢያጋጥምዎትም ውጤቱን አንድ በአንድ በእጅዎ መፈተሽዎ አይቀርም። ምክንያቱ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ስንፍና አይደለም። ከቫንኩቨር ወደ ኤ.ፒ.ኤ. ለመዞር ከሚያስፈልገው መረጃ ከፊሉ በእጅዎ ባለው ዝርዝር ውስጥ ከመጀመሪያውም ስላልተጻፈ ነው።

በአንድ ጽሑፍ ላይ እንየው። ዋትሰንና ክሪክ የዲ.ኤን.ኤ.ን አወቃቀር ያሳወቁበት አጭር ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1953 በኔቸር መጽሔት ቅጽ 171፣ ቁጥር 4356፣ ከገጽ 737 እስከ 738 ወጥቷል። በቫንኩቨር ሲጻፍ የደራስያኑ ስም መነሻ ፊደላት ያለ ነጥብ ይቀመጣሉ፣ ዓመቱ ከመጽሔቱ ስም ቀጥሎ ይመጣል፣ ገጹም «737-8» ተብሎ ያጥራል። በኤ.ፒ.ኤ. ዓመቱ ተነሥቶ በቅንፍ ከስሞቹ አጠገብ ይቀመጣል፣ መነሻ ፊደላቱ ነጥብ ያገኛሉ፣ የመጽሔቱ ስምና የቅጹ ቁጥር በኢታሊክ ይሆናሉ፣ ገጹ «737–738» ተብሎ ይሞላል፣ በመጨረሻም ዲ.ኦ.አይ. የሚባለው መለያ በሊንክ መልክ ይከተላል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቦታ የማለዋወጥ ጉዳይ ይመስላል። ደራስያኑ ሁለት ሳይሆኑ አሥር ቢሆኑስ? ቫንኩቨር በተለመደው አሠራሩ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ጽፎ የቀሩትን «እና ሌሎች» ብሎ ያልፋቸዋል፤ ኤ.ፒ.ኤ. ሰባተኛ እትም ግን እስከ 20 ደራሲ ድረስ ሁሉም በስም እንዲዘረዘሩ ያዛል። ሰባተኛው፣ ስምንተኛው፣ ዘጠነኛውና አሥረኛው ደራሲ እርስዎ ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ የሌለን ስም ደግሞ ማንም ፕሮግራም ከዝርዝሩ ሊያወጣው አይችልም። የመጽሔት ስምም እንዲሁ ነው፤ ቫንኩቨር ያሳጥረዋል፣ ኤ.ፒ.ኤ. ሙሉውን ይፈልጋል። ዲ.ኦ.አይ. ደግሞ በእጅ በተሠሩ የቫንኩቨር ዝርዝሮች ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

እንግዲህ ማረም ያለብን ዋናው የተሳሳተ ግንዛቤ ይህ ነው። የማጣቀሻ ሶፍትዌር የተጻፈን መስመር አያርምም፤ የሚያውቀው መረጃን ብቻ ነው። እያንዳንዱ ምንጭ በሶፍትዌሩ ውስጥ አንድ መዝገብ ሆኖ ይቀመጣል፤ በመዝገቡም ላይ ለደራሲ፣ ለርዕስ፣ ለመጽሔት፣ ለዓመት፣ ለቅጽ፣ ለገጽና ለሌላውም የየራሱ ሳጥን አለው። ስታይሉ የትኛው ሳጥን መቼ፣ በምን ነጥብና በምን ቅንፍ እንደሚወጣ የሚናገር የተለየ ፋይል ነው። ሶፍትዌሩ ሁለቱን አገናኝቶ መስመሩን በየጊዜው አዲስ አድርጎ ይጽፈዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ኦረን ፓታሽኒክ እ.ኤ.አ. በ1985 ላቴክ ለተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ተጠቃሚዎች ቢብቴክ የተባለውን የማጣቀሻ ፕሮግራም ሲያዘጋጅ መረጃውን በአንድ ፋይል፣ ስታይሉን በሌላ ፋይል አስቀምጦ ነበር። ዛሬ ዞቴሮና ሜንዴሌ የተባሉት የማጣቀሻ ሶፍትዌሮች የሚጋሩት ሲ.ኤስ.ኤል. የተባለው የስታይል ቋንቋ ከ10,000 በላይ ስታይሎች ያሉበት ነፃ ክምችት አለው፤ አማካሪዎ ነገ ሐሳባቸውን ለውጠው ቺካጎ በተባለው ስታይል ይሁን ቢሉ መዝገቦቹ ትክክል እስከሆኑ ድረስ ለውጡ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የእርስዎ ችግር ስታይል መምረጡ ላይ ሳይሆን መዝገብ አለመኖሩ ላይ ነው።

በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ቁጥሮችም ከዚሁ አይለዩም። እርስዎ «[27]» ሲያነቡ የሃያ ሰባተኛውን ምንጭ ያያሉ፤ ዎርድ ግን የሚያየው አንድ ቅንፍ፣ ሁለት አኀዝና ሌላ ቅንፍ ነው። ቁጥሩን ከዝርዝሩ ጋር የሚያያይዝ ምንም ነገር በሰነዱ ውስጥ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁጥር ወጥቶ በቦታው ከመዝገቡ ጋር የተያያዘ ማጣቀሻ መግባት አለበት። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ 140 ምንጭ አለዎት ማለት 140 ጊዜ ጠቅሰዋል ማለት አይደለም፤ በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ቅንፎች ከሁለት መቶ ቢያልፉ አይግረምዎት። የሥራውን ስፋት የሚወስነው ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው።

መዝገቦቹን ለማዘጋጀት 140ውን መስመር እንደገና መተየብ አያስፈልግዎትም፤ ቢተይቡትም የቀድሞ ስህተቶችዎን አብረው ያሻግራሉ። ከሁሉ የተሻለው መንገድ በዲ.ኦ.አይ. መሳብ ነው። ዲ.ኦ.አይ. ሁልጊዜ በ10 እና በነጥብ የሚጀምር የጽሑፉ ቋሚ መለያ ነው። የአብዛኞቹን የጥናት መጽሔቶች ዲ.ኦ.አይ. የሚመዘግበው እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ የጀመረው ክሮስሬፍ የተባለ ድርጅት ነው፤ ከመለያው ጋር አሳታሚዎቹ የሰጡትን የደራሲ፣ የርዕስና የቅጽ መረጃም ይዞ ያቀርባል። የጽሑፉን ርዕስ በክሮስሬፍ መፈለጊያ ላይ ይለጥፉ፣ ያገኙትን ዲ.ኦ.አይ. ቀድተው በዞቴሮ አናት ላይ ባለችው የአስማት ዘንግ ምልክት ውስጥ ያስገቡ፤ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የተሟላ መዝገብ ይወጣል፣ ስድስተኛው ላይ የተቆረጡትም ደራስያን ተመልሰው ይመጣሉ። ይኸው ሳጥን ለመጻሕፍት አይ.ኤስ.ቢ.ኤን.፣ ለሕክምና ጽሑፎች የፐብሜድ ቁጥር ይቀበላል፤ ብዙ መለያዎችን በአንድ ጊዜ መስጠትም ይቻላል። የፒ.ዲ.ኤፍ. ፋይሎቹ በእጅዎ ካሉ ወደ ዞቴሮ ጎትተው ሲጥሏቸው የብዙዎቹን መረጃ ራሱ ፈልጎ ያመጣል። ኤኒስታይል የሚባል ነፃ መሣሪያም አለ፤ የተጻፈን ዝርዝር እያነበበ የትኛው ቃል ደራሲ፣ የትኛው ርዕስ እንደሆነ ገምቶ ወደ መዝገብ ይለውጣል። ጥያቄዎ ላይ ለጻፉት ምኞት የሚቀርበው እሱ ነው፤ ሆኖም ግምቱ ልክ በሆነበት ጊዜ እንኳ የተቆረጠውን ደራሲና ያጠረውን የመጽሔት ስም እንዳለ ነው የሚያስገባው። ስለዚህ ዲ.ኦ.አይ. ለሌላቸው አሮጌ ምንጮች ብቻ ይጠቀሙበት።

መረጃው መጣ ማለት ልክ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። የመመረቂያ ጽሑፎችን ማጣቀሻ ማረም ከዕለት ሥራዬ አንዱ ስለሆነ፣ «ሶፍትዌሩ ተበላሸብኝ» ተብለው ከሚመጡልኝ ቅሬታዎች አብዛኞቹ የመዝገብ ስህተቶች ሆነው እንደሚገኙ በድፍረት እናገራለሁ። አንድ የዶክትሬት ተማሪ በጽሑፉ ውስጥ አንዳንዶቹ ማጣቀሻዎች በደራሲው የቤተሰብ ስም ብቻ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ የመነሻ ፊደል እየተጨመረባቸው መውጣታቸው አስጨንቆት ሁለት ቀን ሙሉ ስታይሉን ሲያወርድና እንደገና ሲጭን ከርሞ ወደ እኔ መጣ። ስታይሉ ምንም አልነበረበትም። ኤ.ፒ.ኤ. ሁለት የተለያዩ ሰዎች አንድ ዓይነት የቤተሰብ ስም ሲኖራቸው በጽሑፉ ውስጥ መነሻ ፊደል እንዲጨመር ያዛል፤ ተማሪው ደግሞ አንዱን ደራሲ በአንድ መዝገብ ላይ በመነሻ ፊደላት፣ በሌላው ላይ በሙሉ ስም አስገብቶታል። «ጄ. ዲ. ዋትሰን» እና «ጄምስ ዋትሰን» ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ለሶፍትዌሩ ሁለት ናቸው። መዝገቦቹን በደራሲ ቅደም ተከተል ደርድሮ፣ ተመሳሳይ ስሞችን አንድ ወጥ አድርጎ መጻፍ ብቻ በቂ ነበር። ይህን ከመጀመሪያው ቢያደርጉት ብዙ ይገላገላሉ።

የድርጅት ስም ሌላው ወጥመድ ነው። ሶፍትዌሩ የደራሲን ስም በሁለት ሳጥን፣ የቤተሰብ ስምና የራስ ስም ብሎ ይቀበላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የእንግሊዝኛ ስም በእነዚህ ሁለት ሳጥኖች ተከፍሎ ከገባ ዝርዝርዎ ውስጥ «ኦርጋናይዜሽን፣ ደብልዩ. ኤች.» የሚባል ደራሲ ብቅ ይላል። ይህን በፈተና ቦርድ ፊት የቀረበ ጽሑፍ ላይ አይቼዋለሁ። በዞቴሮ ከስሙ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት ሲጫኑ ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ፣ የድርጅቱም ስም ሳይቆረጥ ይወጣል። የቤተሰብ ስም የሌላቸውን፣ በራሳቸውና በአባታቸው ስም የሚጠሩ ደራስያን በተመለከተ ሶፍትዌሩ የመጨረሻውን ቃል እንደ ቤተሰብ ስም ይወስደዋል፤ እንዲህ ያሉ ስሞች በየትኛው ይጠሩ የሚለውን የተቋምዎ መመሪያ አስቀድሞ ወስኖ ሊሆን ስለሚችል ያንን ይመልከቱ፣ ከዚያም አንዱን መንገድ በሁሉም መዝገብ ላይ ሳያወላውሉ ይጠቀሙ።

ርዕሶችን በተመለከተ ኤ.ፒ.ኤ. በላቲን ፊደል ለተጻፉ የጽሑፍ ርዕሶች የመጀመሪያው ቃል፣ ከሁለት ነጥብ ቀጥሎ ያለው ቃልና የተጸውኦ ስም ብቻ በትልቅ ፊደል እንዲጀምሩ ይፈልጋል። አሳታሚዎች የሚልኩት መረጃ ግን ብዙ ጊዜ እያንዳንዱን ቃል በትልቅ ፊደል የሚጀምር ነው፤ በድሮ ጽሑፎች ላይ ጭራሽ ርዕሱ ወይም የደራስያኑ ስም ከዳር እስከ ዳር በትላልቅ ፊደላት ተሞልቶ ይመጣል። ትልቁን ፊደል ወደ ትንሽ የማውረዱ ሥራ ለማሽን አስቸጋሪ ነው፤ የትኛው ቃል የአገር ስም፣ የትኛው ተራ ቃል እንደሆነ አያውቅምና። ተቃራኒው ቀላል ነው። ስለዚህ ርዕሶችን በመዝገቡ ላይ በትንንሽ ፊደላት መያዝ ይመከራል፤ ትልልቁን የሚፈልግ ስታይል ሲመጣ ሶፍትዌሩ ራሱ ያሳድገዋል። በዞቴሮ የርዕሱን ሳጥን በቀኝ ጠቅ አድርገው ፊደሉን የሚለውጠውን ትእዛዝ ያገኛሉ፤ ከለወጡ በኋላ ግን የተጸውኦ ስሞችንና ምህጻረ ቃላትን በዓይንዎ ይዩ። 140 ርዕስ ማየት አሰልቺ ነው፣ አማራጭ ግን የለውም።

የምንጩ ዓይነትም መታየት አለበት። የመጽሐፍ ምዕራፍ እንደ ሙሉ መጽሐፍ፣ የመንግሥት ሪፖርት እንደ ድረ ገጽ፣ መመረቂያ ጽሑፍ እንደ መጽሔት ጽሑፍ ተመዝግቦ ከሆነ ሶፍትዌሩ የተሳሳተውን ደንብ በፍጹም ታማኝነት ይፈጽማል።

አሁን ወደ ሶፍትዌሮቹ። ጓደኛዎ ዎርድ ራሱ ይሠራዋል ማለቷ በከፊል ልክ ነው፤ ከ2007ቱ እትም ጀምሮ «ሪፈረንስስ» በሚለው ትር ስር ምንጭ የሚመዘገብበትና ዝርዝር የሚወጣበት ቦታ አለው። ሆኖም መረጃ በዲ.ኦ.አይ. አይስብም፣ የስታይሎቹ ቁጥር ጥቂት ነው፣ በብዙዎቹ እትሞች ላይ ያለው ኤ.ፒ.ኤ.ም ስድስተኛው እንጂ ሰባተኛው አይደለም። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልዎት፤ ሰባተኛው እትም የማተሚያ ቤቱን ከተማ አስቀርቷል፣ ደራስያኑ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ከመጀመሪያው ጥቅስ አንሥቶ የመጀመሪያውን ደራሲ ብቻ ጽፎ «እና ሌሎች» ማለትን ደንብ አድርጓል። በስድስተኛው የወጣ ዝርዝር ይዘው ሰባተኛ ነው ቢሉ አማካሪዎ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያውቁታል።

ኤንድኖት እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያለ፣ ጠንካራና ክፍያ የሚጠይቅ ሶፍትዌር ነው፤ ተቋምዎ ፈቃዱን ከገዛና አማካሪዎም የሚጠቀሙት እሱን ከሆነ ልክ ነው፣ ለአንድ መመረቂያ ብሎ ከኪስ ከፍሎ መግዛት ግን አያስፈልግም። ሜንዴሌ በነፃ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ኤልዝቪየር የተባለው አሳታሚ ገዝቶታል፣ ብዙዎች የለመዱት የድሮው የዴስክቶፕ ፕሮግራምም ከ2022 ወዲህ ለአዲስ ተጠቃሚ አይቀርብም። በላቴክ ቢጽፉ ኖሮ ቢብላቴክና ጃብሬፍ ስለሚባሉት መሣሪያዎቹ ረዘም አድርጌ እነግርዎት ነበር፤ በዎርድ የተጠናቀቀን ጽሑፍ በሦስት ሳምንት ወደ ላቴክ ማዞር ግን ራስን መቅጣት ነው።

የእኔ ምክር ዞቴሮ ነው፣ ያለ ማመንታት። እ.ኤ.አ. በ2006 በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ ዛሬም ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት የሚመራ፣ ነፃና ኮዱ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። ከዎርድ፣ ከሊብሬኦፊስና ከጎግል ዶክስ ጋር ይሠራል፤ መዝገብዎን በማንኛውም ጊዜ አውጥተው ወደ ሌላ ፕሮግራም መውሰድ ይችላሉ። በነፃ የሚሰጠው 300 ሜጋባይት የኢንተርኔት ማከማቻ የሚቆጠረው ለፒ.ዲ.ኤፍ. ፋይሎች ብቻ በመሆኑ የመዝገቦቹ ብዛት አያሳስብዎት። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ሪትራክሽን ዋች ከሚይዘው የተሻሩ ጽሑፎች ዝርዝር ጋር መዝገብዎን እያስተያየ፣ የጠቀሱት ጽሑፍ በመጽሔቱ ተሽሮ ከሆነ በቀይ ያስጠነቅቅዎታል። እውነቱን ለመናገር ለዚህች አንዲት አገልግሎት ብቻ ስል እንኳ እመርጠው ነበር።

ቻትጂፒቲን በተመለከተ አቋሜ ጥብቅ ነው። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች የሚሠሩት ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል በመገመት ነው፤ ማጣቀሻ ደግሞ ቅርጹ የተለመደ፣ ይዘቱ ግን በግምት የማይገኝ ነገር ነው። የተቆረጡትን ደራስያን ሙላልኝ ሲሉት ሊሞላቸው ይችላል፤ የሞላቸው ስሞች ግን ጽሑፉን የጻፉት ሰዎች ላይሆኑ ይችላሉ፣ ዲ.ኦ.አይ. ሲጠይቁትም መልኩ ትክክል የሆነ፣ ሲጫኑት ግን ሌላ ጽሑፍ ወይም ባዶ ገጽ የሚከፍት ቁጥር ሊሰጥዎት ይችላል። ነገሩ የጥናት ዓለም ጣጣ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ዮርክ አንድ የፌዴራል ዳኛ፣ በቻትጂፒቲ የተፈጠሩ፣ ከቶ ያልተሰጡ ፍርዶችን ጠቅሰው ያቀረቡ ጠበቆችን 5,000 ዶላር ቀጥቷቸዋል። አንድን መስመር ፊደሉን አሳንስልኝ ለማለት ይጠቀሙበት፤ መረጃ ግን አይጠይቁት። የጎግል ስኮላር «ሳይት» (ጥቀስ) ቁልፍም የሚሰጥዎት ዝግጁ መስመር ነው፤ ለአንድ ሁለት ምንጭ ያገለግላል፣ ለ140 ግን አሁን ያሉበትን ችግር መልሶ ያመጣብዎታል።

የመተካቱ ሥራ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሰነዱን በሌላ ስም ቅጂ አድርገው የድሮውን አይንኩት፤ በቁጥር የተሰጠው ዝርዝር ታትሞ ጠረጴዛዎ ላይ ይኑር። በዎርድ መፈለጊያ ውስጥ የግራ ማዕዘን ቅንፍ ብቻ አስገብተው ከአንዱ ቁጥር ወደሚቀጥለው ይሂዱ። «[27]» ላይ ሲደርሱ አጥፍተው፣ ዞቴሮ በዎርድ ላይ ከጨመረው ትር ማጣቀሻ ማስገቢያውን ይጫኑ፤ በምትከፈተው መስመር ላይ የደራሲውን ስም ወይም ከርዕሱ አንድ ቃል ሲጽፉ መዝገቡ ይወጣል፣ መርጠው ኢንተር ይበሉ። «[3–5]» የሚል ካጋጠመዎት ሦስቱን ምንጮች በአንዲት መስመር ውስጥ አከታትለው ያስገቡ እንጂ ሦስት ጊዜ አይለያዩዋቸው፤ ያኔ በአንድ ቅንፍ ውስጥ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ይወጣሉ። ቀጥታ ጥቅስ ባለበት ቦታ የገጹን ቁጥር በዚያችው መስመር ላይ ይጨምሩ። ዓረፍተ ነገሩ የደራሲውን ስም አስቀድሞ ከጠራ ስሙን የሚያስቀረውን ምርጫ ይጠቀሙ፤ አለዚያ ስሙ ሁለት ጊዜ ይደገማል። እንደ «[12] እንዳሳየው» ያሉ፣ ቁጥርን እንደ ሰው የሚጠሩ ዓረፍተ ነገሮች ካሉዎት ግን ሶፍትዌር አያድናቸውም፣ እንደገና ይጻፉ። በእኔ ግምት መዝገቡን ማዘጋጀትና ማጣራት ለአንድ ምንጭ ሦስት ደቂቃ ገደማ፣ መተካቱ ደግሞ ለአንድ ቦታ አንድ ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ ሥራው ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ነው፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከበቂ በላይ ጊዜ አለዎት። ምንጮችዎ ሃያ ቢሆኑና ማስረከቢያዎ ነገ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ትተው በእጅዎ እንዲያርሙት እመክርዎ ነበር።

ሥራው ሲጀመር የሚያጋጥሙ ጥቂት አደጋዎች አሉ። ዞቴሮ ያስገባው ማጣቀሻ ጠቅ ሲያደርጉት ግራጫ ጥላ ያሳያል፤ በዚያ ጥላ ውስጥ በእጅ የተጻፈ እርማት ሶፍትዌሩ ዝርዝሩን ሲያድስ ይጠፋል ወይም ያንን ማጣቀሻ ከእድሳት ውጭ ያደርገዋል። አማካሪዎ ዞቴሮ ባይኖራቸውም ሰነዱን ከፍተው ማረም ይችላሉ፣ በግራጫው ላይ ያዩትን ስህተት ግን በአስተያየት መልክ ብቻ እንዲጽፉልዎት ይንገሯቸው። የዎርዱን ፋይል እንዲሁ ወደ ጎግል ዶክስ ማዞር ማጣቀሻዎቹን ወደ ተራ ጽሑፍ ይለውጣቸዋል፤ የግድ ከሆነ በዞቴሮ የሰነድ ምርጫዎች ውስጥ ያለውን፣ ወደ ሌላ የጽሑፍ ፕሮግራም ለመሻገር የተዘጋጀውን ትእዛዝ ይጠቀሙ። የዞቴሮን ዋና የመረጃ አቃፊ በድሮፕቦክስ ወይም በሌላ ራሱን በሚያመሳስል አቃፊ ውስጥ አያስቀምጡት፤ የመረጃ ቋቱ ክፍት ሳለ ሲገለበጥ ሊበላሽ ይችላል። ለምትኬ የፕሮግራሙን የራሱን ማመሳሰያ ይክፈቱ፣ በተጨማሪም በሳምንት አንድ ጊዜ አቃፊውን ፕሮግራሙን ዘግተው ወደ ፍላሽ ይቅዱ። አንድ ጽሑፍ ሁለት መዝገብ ካለው በዝርዝርዎ ውስጥ ከዓመቱ ጎን ያለ ምክንያት «ሀ» እና «ለ» ዓይነት መለያ ፊደል ሲጨመር ያያሉ፤ ዞቴሮ የተደገሙ መዝገቦችን የሚያሳይበት ክፍል ስላለው መተካት ከመጀመርዎ በፊት ያዋህዷቸው።

ሶፍትዌሩ የማይደርስባቸውም ቦታዎች አሉ። እርስዎ ራስዎ ያላነበቡትን፣ ሌላ ሰው ጠቅሶት ያዩትን ምንጭ ሲጠቅሱ፣ በኤ.ፒ.ኤ. ደንብ መሠረት በዝርዝሩ ውስጥ የሚያስገቡት እርስዎ ያነበቡትን ጽሑፍ ነው፤ የትኛውን እንዳነበቡ ደግሞ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም። ለሌላ ሰው ተደራሽ ያልሆነ የግል ደብዳቤና ንግግር በጽሑፉ ውስጥ ብቻ ይጠቀሳል እንጂ በዝርዝሩ ውስጥ አይገባም፤ መዝገብ ከሠሩለት ግን ሳይፈለግ ዝርዝሩ ውስጥ ሊወጣ ስለሚችል እንዲህ ያለውን በእጅ መጻፉ ይሻላል። የሕግ ሰነዶችና የቤተ መዛግብት ጽሑፎችም በአብዛኞቹ ስታይሎች ላይ እርማት ይፈልጋሉ። ተቋምዎ በኤ.ፒ.ኤ. ላይ የራሱን ማሻሻያ ካደረገ፣ ለምሳሌ የዝርዝሩን ርዕስ ወይም የመስመሮቹን ርቀት ከለወጠ፣ የሚበልጠው የተቋሙ መመሪያ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት መተካት አይጀምሩ። መዝገቦቹን ብቻ ሰብስበው፣ በደራሲ ደርድረው፣ ስምና ርዕስ ያጣሩ። በሁለተኛው ሳምንት ይተኩ፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እንደጨረሱ ዝርዝሩን አውጥተው ለአማካሪዎ ያሳዩ፣ የሚቃወሙት ነገር ካለ ሁለት መቶ ቦታ ከመግባቱ በፊት ይታወቃል። በሦስተኛው ሳምንት የወጣውን ዝርዝር ከድሮው የታተመ ዝርዝር ጋር አስተያይተው የጎደለ ምንጭ ካለ ይፈልጉ። ማስረከቢያው ሲደርስ የመጨረሻውን ሰነድ ሌላ ቅጂ አድርገው፣ ማጣቀሻዎቹን ከሶፍትዌሩ የሚያላቅቀውን ትእዛዝ በዚያ ቅጂ ላይ ብቻ ይስጡና እሱን ያስረክቡ፤ ፈታኞች እርማት ሲጠይቁ የሚመለሱት ያልተላቀቀው ላይ ነው።